እጄ ደክሟል፤ ትንሽ፣ ቀላልና የማይራገጥ ሽጉጥ የቱ ነው?

ሽንኩርት_ተራ_አዳማ

ሰላም ለዚህ ቤት። ዕድሜዬ 58 ነው። ከመቂና ከወንጂ ዙሪያ ሽንኩርት እያመጣሁ አዳማ ላይ አከፋፍላለሁ። ማካሮቭ የሚባለው የሩሲያ ሽጉጥ አለኝ፤ ፈቃዱም በስሜ ነው፤ ስለዚህ «ከየት አመጣኸው» በሚል ጥያቄ ጊዜ አታጥፉ። ችግሬ ሌላ ነው።

አምና ባጃጅ ተገልብጦብኝ ቀኝ እጄ አንጓው ላይ ተሰብሮ ነበር። ወጌሻም ሐኪምም አይተውታል፤ አጥንቱ ገጥሟል፤ እጁ ግን የድሮው እጅ አይደለም። የውሃ ጠርሙስ ክዳን ለመክፈት ልጄን እጠራለሁ። ባለፈው ሳምንት ሽጉጡን ላጸዳ ብዬ ስፈታው ማቀባበያውን ወደ ኋላ መሳብ አቃተኝ። ሦስት ጊዜ ሞከርኩ። በሦስተኛው አውራ ጣቴ ሸርተት አለና ቆዳዬን ላጠው።

ዳላስ ላለው የሚስቴ ወንድም ይህን ስነግረው መዳፍ ውስጥ የሚጠፉ የትንንሽ ሽጉጦች ፎቶ ላከልኝ። «ይቺ ላንተ ናት፤ ቀላል ናት» ይላል። ሌላው ጣጣ ሙቀቱ ነው። ደብረ ብርሃን ቢሆን ጋቢ ደርበህ ክላሽም ይደበቃል። አዳማ ላይ ማን ምን ይደርባል? በስስ ሸሚዝ ሥር ማካሮቩ እንደ እባጭ ተወጥሮ ይታያል። ሚስቴ «ወገብህ ላይ ምን በቀለብህ» እያለች ትስቅብኛለች።

እና ትንሽ፣ ቀላል፣ የማይራገጥ የቱ ነው? የምታውቁ ንገሩኝ።

ቀለህ_ለቃሚ

ማካሮቭ ይዞ ሌላ የሚመኝ ሰው ገና ዛሬ አየሁ። ማካሮቭ ንጉሥ ነው። ውይይቱ አልቋል።

ጡረተኛው_ሻምበል

አላለቀም ልጄ፣ ገና መጀመሩ ነው።

ሽንኩርት ተራ፣ እኔ 67 ነኝ፤ ስለዚህ «አንተ» ብልህ አትቀየመኝ። የሚስትህ ወንድም «ቀላል» ያለህ ቃል ሁለት ፍቺ አለው። አንደኛው ክብደቱ የቀለለ፣ ሁለተኛው አያያዙ የማያስቸግር። ሽጉጥ ላይ እነዚህ ሁለቱ ጎን ለጎን አይሄዱም፤ እንዲያውም አንዱ ሌላውን ይገፋዋል።

ዝዋይ ሐይቅ ላይ ከታንኳ ወደ ዳር ዘለህ ታውቃለህ? ታንኳዋ ትንሽ ከሆነች አንተ ወደ ፊት፣ እሷ ወደ ኋላ ትፈናጠራላችሁ። ትልቅ ጀልባ ላይ ቆመህ ብትዘል ግን ጀልባው ንቅንቅ አይልም። ጥይቱ ዘላዩ ነው፣ ሽጉጡ ታንኳው ነው። ጥይቱ ያው ሆኖ የሽጉጡን ክብደት በግማሽ ብትቀንሰው፣ ወደ እጅህ የሚመለሰው ኃይል እጥፍ ይሆናል። ግምት አይደለም፤ የትምህርት ቤት ፊዚክስ ነው። በዚያ ላይ ትንሽ ሽጉጥ እጀታው አጭር ስለሆነ ትንሿ ጣት የምትይዘው ታጣለች። አፈሙዙ ሲዘል የሚያስቀረው ደግሞ የታችኞቹ ጣቶች ጉልበት ነው።

ስለዚህ «ትንሽና የማይራገጥ» ብለህ ስትጠይቅ በሬ ሆኖ የሚታለብ እየፈለግክ ነው ማለት ይቻላል። ፍለጋው የሚሳካው የጥይቱን ጉልበት ከቀነስክ ብቻ ነው።

የማቀባበሉ ጉዳይ ራሱን የቻለ ነገር ነው፤ ማታ እመለስበታለሁ። ልጆች መብራቱ ሄደ እያሉኝ ነው።

ዳላስ_የሌሊት_ፈረቃ

ሻምበል ያሉትን በእጄ አይቼዋለሁ። እዚህ ነዳጅ ማደያ ውስጥ ሌሊት እሠራለሁ። ቴክሳስ ውስጥ ከመስከረም 2021 ጀምሮ (ዓመቱን ሁሉ በፈረንጅ ነው የምቆጥረው) መሣሪያ መያዝ በሕግ ያልተከለከለ፣ 21 ዓመት የሞላው ሰው ያለ ፈቃድ ወረቀት ሽጉጥ ታጥቆ መንቀሳቀስ ይችላል። እኔ ግን ኮርሱን ወስጃለሁ፤ ስለማላውቀው ነገር አውቃለሁ ማለት አልወድም።

መጀመሪያ የወደድኩት ከነዚያ 300 ግራም ከማይሞሉት ውስጥ አንዷን ነበር። ኪስህ ውስጥ መኖሯን ትረሳለህ። ስትተኩሳት ግን እስከ ክርንህ ድረስ ታስታውስሃለች። ከሁለተኛው ካዝና በኋላ በአውራ ጣቴና በሌባ ጣቴ መሃል ያለው ሥጋ ቀልቶ ማታ መሪ መያዝ አቃተኝ። (ካዝና ስል የጥይቱን ነው፤ የብሩ ካዝና ቢሆንማ ሌሊት ምን አሠራኝ።)

እዚህ ጥሩው ነገር ተኩስ መለማመጃው ውስጥ ሽጉጥ ያከራያሉ። አራት ዓይነት ተከራይቼ ሞከርኩ። ሲግ ፒ365 ከ2018 ጀምሮ ያለ ነው፤ ባዶውን ግማሽ ኪሎ ገደማ ይመዝናል፣ ካዝናው 10 ጥይት ይይዛል፤ 9 በ19 የሚባለውን ጉልበተኛ ጥይት ስለሚተኩስ ግን ለታመመ አንጓ አይመከርም። ግሎክ 42 በ2014 የወጣ ነው፤ ጥይቱ 380 የሚባለው፣ እናንተ 9 አጭር የምትሉት ነው። ከ400 ግራም በታች ሆኖ እንኳ ገራም ነው። አብራኝ የምትሠራ አንዲት ሴት መገጣጠሚያዋን ቁርጥማት ያማታል፤ እሷ የወሰደችው ስሚዝ ኤንድ ዌሰን ሺልድ ኢዚ የሚባለውን ነው። የ380ው በ2018 ነው የወጣው። ሞላው ልል ስለሆነ ስላይዱን (ማቀባበያውን) በሁለት ጣት ትስበዋለች። አይቻት ቀናሁባት።

ግን ጋሼ፣ ይህ ሁሉ እዚህ መደርደሪያ ላይ ያለ ምርጫ ነው። እዚያ ምን እንዳለ እርስዎ ያውቃሉ።

ሽንኩርት_ተራ_አዳማ

ሁለት ጣት! በሉ ሺልድ ኢዚ ይሁንልኝ። የሚስቴ ወንድም ለገና ይመጣል፤ ሻንጣ ውስጥ ከልብስ ጋር ጠቅልሎ ቢያመጣልኝስ?

የሕግ_ነገር

ጋሼ፣ በእግዚአብሔር! ይህን ጽሑፍ ያጥፉት።

የጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1177/2012 ያለ ፈቃድ መሣሪያ ወደ አገር ማስገባትን፣ መያዝንና ማዘዋወርን በወንጀል ያስጠይቃል። የእርስዎ ፈቃድ ለዚያ ለማካሮቩ ነው፤ «ሽጉጥ የመያዝ መብት» የሚባል ጠቅላላ ካርድ አይደለም። ወረቀቱ ላይ ያለው ቁጥርና ብረቱ ላይ ያለው ቁጥር ካልተመሳሰሉ እርስዎ ያለ ፈቃድ የያዘ ሰው ነዎት። አማችዎም ከወዲያ በኩል አይተርፉም፤ ከአሜሪካ ሽጉጥ ለማስወጣት የኤክስፖርት ፈቃድ ያስፈልጋል። ለገና የመጣ ሰው ጥምቀትን እስር ቤት ይውላል።

መቀየር ከፈለጉ ፈቃዱን የሰጠዎት ጽሕፈት ቤት ሄደው ይጠይቁ። መልሱ እስኪመጣ በያዙት ይቆዩ።

ሽንኩርት_ተራ_አዳማ

እሺ እሺ፤ ስቀልድ ነው። (ግማሹን።)

ፍራንኮ_ልጅ

ጋሼ ምን አስጨነቀዎት፤ ቱርክ ሠራሽ ሞልቷል አይደል? ትንሽ ነው፣ ያምራል፣ እሱም ዘጠኝ ቁጥር ነው፤ የማካሮቩን ጥይት ያጎርሱታል።

ጡረተኛው_ሻምበል

አንተ ልጅ ሰው ልታስገድል ነው። አንድ በአንድ ልመልስልህ።

«ዘጠኝ ቁጥር» የሚባል አንድ ጥይት የለም። ቢያንስ ሦስት አሉ፤ 9 በ17 (ያ 380 የተባለው)፣ 9 በ18 እና 9 በ19። ሁለተኛው ቁጥር የቀለሁ ርዝመት በሚሊሜትር ነው። የማካሮቩ 9 በ18 ነው፤ አረሩ ደግሞ ስሙ 9 ቢሆንም 9.27 ሚሊሜትር ይወፍራል። የ9 በ19 አረር 9.01 ገደማ ነው። ወፍራሙን በቀጭኑ በርሜል ልስደድ ስትል ግፊቱ መውጫ ያጣል፤ መውጫ ያጣ ግፊት ፊትህ ላይ ነው መውጫውን የሚያበጀው። አንዱ ለሌላው አልተሠራም፤ ቀለሁ ሥር የተጻፈውን ሳታነብ አታጉርስ።

በየመንደሩ በጨለማ የሚዞረው ደግሞ አብዛኛው ኮንትሮባንድ ነው። ውስጡ ለድምፅ ብቻ የተሠራ፣ በኋላ በርሜሉ ተሰርስሮ ጥይት እንዲተኩስ የተደረገም አለበት። የድምፅ ሽጉጥ ብዙውን ጊዜ አካሉ ከዚንክ ቅይጥ የተቀረጸ ነው፤ የእውነት ጥይት ግፊት አይችልም። ያምራል ያልከው ኒኬሉን ነው።

አሁን ወደ ማቀባበሉ ልመለስ።

ማካሮቭ በርሜሉ ካካሉ ጋር የተጣበቀ ነው። ጥይቱ ሲፈነዳ ማቀባበያውን አንቆ የሚይዝ ቁልፍ የለም፤ የሚያዘገየው የራሱ ክብደትና በርሜሉ ላይ የተጠመጠመው ሞላ ብቻ ነው። ለዚህ ነው ሞላው የጠነከረው። የጣልያን ጊዜዎቹ አሮጌ ቤሬታዎች፣ ዋልተር ፒፒኬም እንደዚሁ ናቸው። ሰው «አጭር ጥይት ነው፣ ሽጉጡም ትንሽ ነው፣ ለደካማ እጅ ይሆናል» ብሎ ይገዛና ማቀባበል ያቅተዋል። የሌሊት ፈረቃው ልጅ የጠቀሳቸው ግን በርሜሉና ማቀባበያው መጀመሪያ ተያይዘው ትንሽ ወደ ኋላ ይሄዱና ከዚያ ነው የሚላቀቁት፤ ሥራውን ቁልፉ ስለሚያግዘው ሞላው ሊላላ ይችላል። ልዩነቱ የመጠን ሳይሆን የአሠራር ነው።

ታዲያ ሞላውን ልቁረጠው እንዳትል። ጋራዥ ወስዶ ሁለት ዙር ያስቆረጠ ሰው አውቃለሁ። ለስልሶለት ነበር፤ ማቀባበያው አካሉን እንደ መዶሻ እየቀጠቀጠ ሰነጠቀው።

ቀለህ_ለቃሚ

ሻምበል ይቅርታ፤ እኔም ዘጠኝ ሁሉ አንድ ይመስለኝ ነበር። ንጉሡ ግን አሁንም ንጉሥ ነው።

ሪቮልቨርስ? የሚቀባበል ነገር የለውም። ወይም ቶካሬቭ?

ጡረተኛው_ሻምበል

ሪቮልቨር ጥሩ ሐሳብ ነው፤ ግን መዶሻውን ሳታነሳ ምላጩን ብቻ ስትስብ አምስት ኪሎ ገደማ ጉልበት ይጠይቃል። ችግሩን ከአንጓ ወደ ጣት ታዛውረዋለህ እንጂ አታጠፋውም። አጭሩና ቀላሉ ሪቮልቨር ደግሞ ሲራገጥ ምሕረት የለውም። ቶካሬቭ? ሲሠራም ሴፍቲ (እንዳይተኩስ የሚቆልፈው) የለው፤ ያለው መዶሻውን ግማሽ መንገድ ላይ የሚይዘው ጥርስ ብቻ ነው። ወገብ ላይ ለሚይዝ ሽማግሌ አልመክረውም፤ ሽማግሌ ያልኩት ራሴንም ጨምሬ ነው።

ተረኛ_ነርስ

ውይይቱን ከላይ እስከ ታች አነበብኩት። ስለ ጥይት አላውቅም፤ ስለ እጅ ትንሽ አውቃለሁ።

ጋሼ፣ ተሰብሮ የገጠመ አንጓ ዓመት ሙሉ ደክሞ የሚቆየው ብዙ ጊዜ አጥንቱ ስላልዳነ አይደለም፤ በጄሶ ውስጥ የከሳው ጡንቻ ሥራ ስላልተሰጠው ነው። ፊዚዮቴራፒ ታዞልዎት ነበር? ብዙ ሰው ጄሶው ሲፈታ የዳነ ይመስለውና አይመለስም። ለስለስ ያለ ኳስ ወይም የተጠቀለለ ፎጣ በቀን ሁለት ሦስት ጊዜ መጭመቅ ይጀምሩ። ሕመሙ ከጨመረ፣ ጣትዎ ከደነዘዘ ግን ያቁሙና ይታዩ።

ሌላው፣ ቤት ውስጥ ልጅ እንዳለ ጽፈዋል። ጠርሙስ የሚከፍትልዎ። ዕድሜው ስንት ነው? ሽጉጡስ ማታ የት ያድራል?

የምጠይቀው በከንቱ አይደለም። አንድ ሌሊት ተረኛ ሆኜ ትራስ ሥር የተቀመጠ ሽጉጥ ያገኘ የስምንት ዓመት ልጅ የመታውን ታናሽ ወንድሙን አምጥተውልን ነበር። አባትየው የትንሹን አንድ ጫማ በእጁ ይዞ ኮሪደሩ ላይ ቆሟል። አንዱን ብቻ። ሌላው ወዴት እንደወደቀ ደጋግሞ ሰዉን ይጠይቃል። ከዚህ በላይ አልጽፍም።

ሽንኩርት_ተራ_አዳማ

እህቴ፣ ልጄ 14 ነው፤ ታናሹ 9። ሽጉጡ የሚያድረው ቁም ሣጥን ላይ ነው፣ ከጥይቱ ጋር። ይህን ስጽፍ አፈርኩ።

ፊዚዮቴራፒ ታዞልኝ ሁለት ቀን ሄጄ ተውኩት። ወቅቱ ሽንኩርት የሚነሳበት ነበር።

ጡረተኛው_ሻምበል

ነርሷ የነካችው ነገር ዋናው ነው፤ እኔ በብረቱ ተጠምጄ አልፌዋለሁ።

እስቲ አስበው። ማቀባበል ካቃተህ ሽጉጡን ሁለት ዓይነት ነው መያዝ የምትችለው። ወይ ሳይጎርስ ትይዘዋለህ፤ ያኔ በክፉ ቀን አቀባብለህ ማጉረስ አትችልም፣ ስለዚህ ወገብህ ላይ ያለው ብረት ብቻ ነው። ወይ ጎርሶ ትይዘዋለህ፤ ያኔ ማታ ቤት ገብተህ የጎረሰውን ጥይት ማውጣት አትችልም። ካዝናውን ብትነቅለውም አንዱ ጥይት በርሜሉ ውስጥ ይቀራል፤ እሱን የሚያወጣው ማቀባበያው ብቻ ነው። ቁም ሣጥንህ ላይ የሚያድረው፣ ባለቤቱ ራሱ ባዶ ሊያደርገው የማይችል ሽጉጥ ነው። ቤቱ ውስጥ የ9 ዓመት ልጅ አለ።

ርግጫ፣ መጠን፣ ሸሚዝ፣ ሁሉም ከዚህ በኋላ የሚመጣ ነው። ማቀባበል እስክትችል ድረስ አትታጠቀው።

አዳማ ነው ያለሁት። ከፈቀድክ ቤትህ እመጣለሁ። ጥይት ሁሉ ሌላ ክፍል ይቆለፍ፤ በባዶው አሳይሃለሁ።

መቂ_መንገድ

እኔ የሚገርመኝ ሌላ ነገር ነው። ጋሼ ይህን ሁሉ የሚሸከሙት ብር ስለሚይዙ አይደል? ቴሌብር በኛ አቆጣጠር ከ2013 ጀምሮ አለ፤ የባንኩም በስልክ ነው። ብሩ ስልክ ውስጥ ከሆነ ወገብ ላይ የሚጠበቀው ምንድን ነው?

ሽንኩርት_ተራ_አዳማ

ልጄ፣ አንተ ማሳ ላይ ቆመህ ገበሬ አላነጋገርክም። ሽንኩርቱ መኪና ላይ ሲወጣ «ብሬን በእጄ» ነው የሚልህ። ኔትወርክ የለም ይላል፤ እውነቱን ነው፣ አንዳንዴ የለም። ጫኝው በጥሬ ነው፣ ሹፌሩ በጥሬ ነው፣ ጆንያው በጥሬ ነው።

ግን አልዋሽህም፤ ሌሊት ስተኛ ያልከውን አሰብኩበት።

ዳላስ_የሌሊት_ፈረቃ

ለኔም ነገር አነሳሳችሁብኝ። ያቺ ኪስ የምትገባዋ አሁንም መሳቢያ ውስጥ ናት። ዛሬ ቁልፍ ያለው ሣጥን ገዛሁላት።

ጋሼ፣ አንድ የላብ ነገር ልንገርዎ። የዳላስ በጋም እንደ አዳማ ነው። ቀጥታ ሰውነት ላይ የሚያርፍ ሽጉጥ በሁለት ሳምንት የዝገት ነጥብ ያወጣል። ምላጩን ሙሉ በሙሉ የሚሸፍን፣ ከሰውነት በኩል ቆዳ ያለው ማህደር ያሠሩ። ከሽጉጡ መጠን ይልቅ ሸሚዝ ሥር የሚያሳብቀው ማህደሩ መላላቱና ቀበቶው መቅጠኑ ነው። በወፍራም ቀበቶ ጠበቅ ተደርጎ የተያዘ ማካሮቭ፣ በላላ ቀበቶ ላይ ከተንጠለጠለች ትንሽ ሽጉጥ የተሻለ ይደበቃል።

ሽንኩርት_ተራ_አዳማ

ከ12 ቀን በኋላ ተመለስኩ። ሻምበል ቅዳሜ ከሰዓት ቤት መጡ። ቡና እስኪፈላ አልጠበቁም፤ መጀመሪያ ጥይቱን በካልሲ ጠቅልለው ለሚስቴ ሰጧትና ሌላ ክፍል ቆለፈችበት። ከዚያ በርሜሉን በዓይናቸውም በትንሿ ጣታቸውም አዩ። እኔም እንዳየው አደረጉኝ።

ያሳዩኝን ልንገራችሁ፤ ለሌላም ይጠቅማል። እኔ ሳቀባብል ሽጉጡን ፊቴ ድረስ ዘርግቼ በአውራ ጣትና በሌባ ጣት ጫፍ ነበር የምቆነጥረው። እሳቸው ሽጉጡን ወደ ሆዴ አስጠጉት፣ አፈሙዙ ወደ ባዶው የግድግዳ ጥግ። ግራ መዳፌን ከላይ ሙሉውን ማቀባበያውን አስጨበጡኝ፣ አራቱም ጣት በአንድ ወገን። «አሁን ግራህን አትሳብ። ግራህ ይቁም፤ በቀኝህ እጀታውን ወደ ፊት ግፋው፣ በክንድህ ሳይሆን በትከሻህ» አሉኝ። ከዚያ በፊት መዶሻውን በአውራ ጣት እንዳነሳ አደረጉኝ፤ ሲነሳ ማቀባበያው መዶሻውንም አብሮ መግፋት ስለማይጠበቅበት ይቀላል። ሴፍቲው ወደ ላይ ከሆነ ደግሞ ማካሮቭ ጭራሽ አይቀባበልም፤ ያን ቀን ከሦስቱ ሙከራዬ አንዱ እንደዚያ ሳይሆን አልቀረም።

በአራተኛው ቀጭ አለ። ሚስቴ ከጓዳ «ምን ሰበራችሁ?» አለች።

አሥር ጊዜ ግን አልችልም። በስድስተኛው አንጓዬ ይቃጠላል። ፊዚዮቴራፒውን ሰኞ ጀመርኩ፤ ባለሙያዋ «የት ጠፍተው ነበር» ብላ ተቆጣችኝ። ፎጣውንም እጨምቃለሁ፤ አሁን እንኳ በግራ እጄ እየጻፍኩ በቀኜ እየጨመቅኩ ነው።

ማካሮቩን ሱቅ ባለው የሽንኩርት ሚዛን ላይ አስቀመጥኩት። ባዶውን 730 ግራም። ስምንቱ ጥይት ሲገባ 810። ዳላስ ያለው አማቼ የላከልኝ ፎቶ ላይ ያለችው 270 ግራም አካባቢ ናት ብሎኛል። ሦስት መካከለኛ ሽንኩርት ማለት ነው። ሦስቱን ሽንኩርት በዚህ እጄ ይዤ ቆሜ አሰብኩና መልሼ ጆንያው ውስጥ ጣልኳቸው።

ብረት ሣጥን አሠርቻለሁ፤ ቁልፉ አንገቴ ላይ ነው። ጥይቱ ሌላ ቦታ። እስከ ፋሲካ አልታጠቅም። መቂ ካሉት ገበሬዎች ሁለቱ ግማሹን በስልክ ሊቀበሉ ተስማምተዋል፤ ሦስተኛው «ስልክ ላይ ያለ ብር ብር አይደለም» ብሎኛል፤ ለሱ ልጄን ልኬ አስረዳዋለሁ።

ቀለህ_ለቃሚ

ሦስተኛው ገበሬ ዘመዴ ሳይሆን አይቀርም።

ጡረተኛው_ሻምበል

ሽንኩርት ተራ፣ ያን ቀን ጥይቱ የተጠቀለለበት ካልሲ የኔ ነው። ቅዳሜ ስመጣ መልስልኝ።